አባባ ሶፋ ቤት ተቀጠሩ

(ሶፋ መሥሪያ ቤት። ጡረታ የወጡት አባባ ቤት መዋል ሰልችቷቸው ዛሬ በረዳትነት ሥራ ጀምረዋል። ያስቀጠራቸው የልጃቸው ባል ነው፤ ከእጁ ይልቅ አፉ የሚሠራ ሰው። አባባ አንድ ሶፋ ላይ ዘፍ ብለዋል።)

አማች፦ አባባ፣ ይነሱ እንጂ! ሠራተኛ ሶፋ ላይ አይቀመጥም።

አባባ፦ ሶፋ ቤት ተቀጥሬ የት ልቀመጥ? ዳቦ ቤት ብቀጠር ጦሜን ልታውለኝ ነበር?

አማች፦ የደንበኛ ነው! እኔ ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሜ ነው የሠራሁት።

አባባ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትቀመጥ! ልጄ ታውቃለች?

አማች፦ ኧረ ይተዉኝ! ይልቅ ስፖንጁን ያምጡልኝ።

(አባባ ወደ ጓሮ ወጥተው አረፋ የሚንጠባጠብበት የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይዘው ይመለሳሉ።)

አማች፦ ይሄ ምንድን ነው?

አባባ፦ ስፖንጅ ነዋ። ልጭመቀው?

አማች፦ ሶፋው ሆድ ውስጥ የሚገባውን ነው ያልኩት! በቃ ይቅር። ልብሱን ያውልቁ።

አባባ፦ (የኮታቸውን ቁልፍ እየፈቱ) በዚህ ብርድ? ሸሚዙንም ጭምር?

አማች፦ የእርስዎን አይደለም፣ የወንበሩን! ያረጀው ጨርቅ ተገፎ አዲስ ይለብሳል።

አባባ፦ እንደሱ በለኛ! (ጥግ ወዳለው የነተበ ወንበር ያመራሉ።)

አማች፦ ወዴት ነው? ይሄኛው፣ ቀዩ!

አባባ፦ ቀዩ? እሱ እኮ አዲስ ነው።

አማች፦ አዲስማ እርስዎ ነዎት!

አባባ፦ የሶፋ ቤቱ ባለቤት ግን ጥግ ያለውን…

አማች፦ ባለቤቱ ዕቃ ይግዛ! ሙያው ያለው እዚህ ነው። (ደረቱን ይመታል።) ምላጩን ያቀብሉኝና አይተው ይማሩ!

(ቀዩን ወንበር ከአናቱ እስከ እግሩ ይተረትረዋል። ወዲያው ከውጭ የባለቤቱ ድምፅ ይሰማል።)

ድምፅ፦ ትናንት ያለቀውን ቀይ ወንበር አውጡልኝ! ደንበኛዋ መኪና ይዛ መጥታለች!

(ምላጩ ከአማች እጅ ይወድቃል።)

አማች፦ አለቀልኝ! አባባ፣ ምን ይዋጠኝ?

አባባ፦ (በሩን ገርበብ አድርገው) አንተ ስፋ፣ እኔ ሴትየዋን በወሬ እይዛታለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ወሬ አይቸግረኝም።

አማች፦ እግዜር ይስጥልኝ! ለሚስቴ ግን አደራ፣ እንዳይነግሩብኝ።

አባባ፦ ምኑን እነግራታለሁ? ጠዋት ስወጣ «አባዬ፣ እሱ የሚልህን እሺ በለው እንጂ እንዳታደርገው» ብላ የመከረችኝ እሷው ናት!