ማኅበር ላይ የተባረከው ቮድካዬ

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ውሸት ይመስላችኋል። ግን ቢቸና ወሬ አያሳድርም፤ ከሰው አፍ ከምትሰሙት እኔው ራሴ ፖስት ላድርገው።

ሞጣ አንድ አዲስ ሆቴል ባርቴንደር ይፈልጋል። አመለከትኩ። «ነገ መጥተሽ ቮድካ በክራንቤሪ ሠርተሽ አሳዪን» አሉኝ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

ቮድካውን የአክስቴ ልጅ ከባሕር ዳር ላከችልኝ። ክራንቤሪን ግን እንኳን ልገዛው መልኩንም አላውቀው። ጎግል ቀይ ነው፣ ይጎመዝዛል ይላል።

ቀይና ጎምዛዛ? ከርከዴ ነዋ!

ቀቅዬ ጆግ ውስጥ አቀዘቀዝኩት፣ ስኳርና ሎሚ ጨመርኩ፣ የቮድካውን ጠርሙስ እንዳለ ገለበጥኩበት። ጆጉን ጓዳ አስቀምጬ በረዶ ፍለጋ ወጣሁ።

የማርያም ማኅበር ተራ ዛሬ የእኛ መሆኑን ረስተሽው ነው እንዳትሉኝ። አልረሳሁም። ጆጌን የሚነካ አለ ብዬ ነው ያላሰብኩት።

ስመለስ ጆጌ ከጠላው ጎን ቁጭ ብሏል። የንስሐ አባታችን ቆመው ይባርካሉ። እናቴ፣ ጠላ ለማይጠጡት ያፈላሁት ከርከዴ መስሏታል።

ላነሳው ስንደረደር እማማ ጥሩ፣ የማኅበሩ አንጋፋ፣ እጄን ያዝ አደረጉኝ። «ተይ ልጄ፣ የተባረከ ወደ ጓዳ አይመለስም።»

አይደፋምም። ይጠጣል እንጂ።

ተጠጣ።

እማማ ጥሩ በሁለተኛው ብርጭቆ ስለ ሟች ባላቸው ማውራት ጀመሩ። ደግ ደጉን አልነበረም።

የንስሐ አባታችን ቀመስ አድርገው አስቀመጡት። «ወለተ ማርያም፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ከርከዴ ነው ብል ማን ያውቅብኛል? ግን እሳቸውን አልዋሽም።

«ቮድካ ነው አባ። ሞጣ ሆቴል ልቀጠር እየተለማመድኩ ነው።»



«መጠጥ ቀጂ እንድትሆኚ ነው ያስተማርኩሽ?» አለች እናቴ።

«ጠላ ሸጠሽ አይደል ያስተማርሽኝ?»

አዎ፣ ብያለሁ። ጥፋቴ ሰው ፊት መሆኑ ነው እንጂ ያልኩት አይደለም። እሷ ጠላ ስትቀዳ ባለሙያ፣ እኔ ቮድካ ስቀዳ ባለጌ የምሆነው በየት በኩል ነው?

እማማ ጥሩ ብርጭቆአቸውን ዘረጉ። «ተያት እባክሽ። ይልቅ አንቺ ልጅ፣ ድገሚኝ።»

ሰው ሁሉ ሲወጣ እናቴ ጆጉን አነሳች። ሥሩ ላይ የቀረችውን፣ ጠላዋን እንደምትቀምሰው በምላሷ ጫፍ ቀመሰች። ፊቴን ሳታይ «ስኳሩ በዝቷል» አለችና ጆጉን ማጠብ ቀጠለች።

እኔ እኮ ጠብታ አልቀመስኩም! ነገ በጠዋት የሞጣን መኪና እይዛለሁ።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ይሄ ቁጣ ነው ወይስ ፈቃድ?

ለማንኛውም ስኳሩን እቀንሳለሁ።