ደጊቱ በቃሬዛው ላይ ሳሉ ስለ ቃሬዛው የተደረገ ምክክር

ቅዳሜ ጥር ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከመካነ ኢየሱስ የአራት ሰዓት መንገድ በሚርቀው በአቶ ዋለ አውድማ፣ የቃሬዛ ማኅበራችን አስቸኳይ ስብሰባ ተከፈተ። ማኅበሩ የታመመ አባሉን ተሸክሞ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ሲሆን፣ መዋጮው ትከሻ ነው።

የተገኙ፦
፩. አቶ አንዳርጌ፣ ሊቀ መንበር
፪. መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት፣ አማካሪ፣ ከነሳላቸው
፫. አቶ ዋለ፣ ቃሬዛ ጠባቂ
፬. አቶ ባዩ፣ ሬድዮ ያላቸው
፭. ወ/ሮ ላቀች
፮. ወ/ሮ ይታይሽ፣ ይህን የምጽፈው
፯. ወ/ሮ ደጊቱ፣ የአቶ ዋለ ባለቤት፣ ቃሬዛው ላይ ተኝተው

ያልተገኙ፦ ስድስት፣ ሁሉም በጉንፋን። ከነዚህ አቶ አዳነ በእሳቸው ፈንታ እንድትቆጠር በትራቸውን ልከዋል። በትሯ አጥሩን ተደግፋ እንድትሰማ፣ ድምፅ ግን እንዳትሰጥ ተፈቀደ።

ከአሥራ ሦስቱ አባላት ሰባት ካልተገኙ ጉባኤው አይጸናም። ሰባተኛዋ ወ/ሮ ደጊቱ ናቸው። አራት ቀን ሙሉ ትኩሳት ይዟቸው፣ ጎናቸውን እየወጋቸው ስለ ነበር ወደ ጤና ጣቢያ ልንወስዳቸው ቃሬዛው ላይ እንዳስተኛናቸው፣ ሊቀ መንበሩ ከመነሣታችን በፊት አንዲት አጭር ጉዳይ አለችኝ አሉ። አቶ ዋለ መርፌ የሚወጋው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ወደ ወገዳ እንደሚሄድና ሳምንት እንደማይመለስ አሳሰቡ። ጉዳይዋ አጭር መሆኗ በድጋሚ ተረጋገጠ።

አጀንዳ ፩፦ በወረርሽኙ ምክንያት ደንቡን ስለ ማሻሻል

ሊቀ መንበሩ ሲያስረዱ፣ ድሮ በዓመት ሁለት ሰው ይታመም እንደ ነበር፣ አሁን ግን በአንድ ሳምንት ታማሚው ከተሸካሚው ሊበልጥ እንደ ደረሰ ገለጹ። አቶ ባዩም ይህ ጉንፋን ባሕር ማዶ ያለውን ሁሉ እንዳስተኛው ከሬድዮ መስማታቸውን መሰከሩ። ወ/ሮ ላቀች፣ «እነሱንስ ማን ተሸከማቸው?» ሲሉ ጠየቁ። ሬድዮው ይህን እንዳልተናገረ ተገለጸ።

ሀ. ማኅበሩ ከመቋቋሙ በፊት የነበረ በሽታ በማኅበሩ ቃሬዛ እንዳይጫን ሊቀ መንበሩ አሳብ አቀረቡ። መሪጌታ ሳላቸውን ያገኙት የዛሬ ሠላሳ ዓመት፣ ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ መሆኑን ጠቅሰው፣ «የኔ ሳል ምን ሊሆን ነው?» አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ መሪጌታ በታመሙ ጊዜ እንዲጫኑ፣ ሳሉን ግን ቤት ትተው እንዲመጡ በአምስት ድምፅ ተወሰነ። መሪጌታ ሊመልሱ ሲሉ ሳሉ ቀደማቸው።

ለ. ማንኛውም አባል በተሸከመው ልክ እንዲሸከሙት ተጠየቀ። ሦስት ጊዜ የተሸከመ እስከ መካነ ኢየሱስ፣ ሁለት ጊዜ የተሸከመ እስከ ወንዙ፣ አንድ ጊዜ የተሸከመ እስከ ሾላው። ወ/ሮ ላቀች ከወንዙ ወዲያ ማን እንደሚረከብ ቢጠይቁ፣ ሊቀ መንበሩ ከወንዙ ወዲያ እግዜር እንዳለ መለሱ። ሦስት ደገፉ፣ ሦስት ተቃወሙ፣ እኔ ስጽፍ እጄን ማንሣት ረሳሁ። ሊቀ መንበሩ ከደጋፊዎቹ ስለ ነበሩ ወደዚያው አጋደለ።

ወዲያው መዝገብ ቢታይ፣ ወ/ሮ ደጊቱ ሴት በመሆናቸው ተሸክመው ስለማያውቁ፣ ድርሻቸው እስከ አውድማው ጫፍ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አቶ ዋለ የእሳቸው ትከሻ የሚስታቸውም ትከሻ መሆኑን ተናገሩ። ሊቀ መንበሩ፣ ጎናቸውን የሚወጋቸው ወ/ሮ ደጊቱን እንጂ አቶ ዋለን አለመሆኑን አመለከቱ። በዚህ ጊዜ ወ/ሮ ደጊቱ ከቃሬዛው ላይ ሆነው፣ «አያ አንዳርጌ፣ ይህን ቃሬዛ የታታሁት እኔ ነኝ። ጠፍሬን ልፍታውና እናንተ አጣናውን ተሸከሙ» አሉ። ነገሩ ከባድ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።

ሐ. አቶ ባዩ ሳይታመሙ ድርሻቸውን አስቀድመው ለማስገባት ፈለጉ። ጤነኛ ሰው ተሸክሞ ማስመዝገብ እንደሚቻል ከተወሰነ በኋላ፣ ቃሬዛው ስለ ተያዘ ሊቀ መንበሩን አዝለው አውድማውን ሦስት ጊዜ ዞሩ። ሊቀ መንበሩ ጉዞው እንደ ተመቻቸው እንዲጻፍ አዘዙ፤ ይኸው ጽፌአለሁ። አቶ ባዩ ሲያወርዷቸው፣ ሊቀ መንበሩ ጀርባቸውን እንዳቃጠሏቸው ተናገሩ። ሊቀ መንበሩ ሙቀቱ የፀሐይ ነው አሉ። ፀሐይዋ ገና ከዛፍ ጀርባ ነበረች።

አራት ሰዓት ተኩል ሆነ። አቶ ዋለ ቃሬዛውን በአንድ በኩል ብድግ አደረጉ። ሊቀ መንበሩ፣ ወ/ሮ ደጊቱ ከሄዱ ስድስት እንደምንቀር፣ ስድስት ከሆንን ጉባኤው እንደሚፈርስ አስጠነቀቁ። አቶ ዋለ ሲፈርስ ለማየት ያላቸውን ጉጉት ገለጹ። ወ/ሮ ደጊቱ ግን፣ «ሰባተኛዋ እኔ ከሆንሁ ጉባኤው እኔ ባለሁበት ነው። እኔን ተሸከሙኝ፣ ጉባኤው ይከተለን» አሉ። ይህን የሚከለክል አንቀጽ ተፈልጎ ስላልተገኘ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

አጀንዳ ፪፦ መንገድ ላይ

ጽሕፈቱ ከዚህ በኋላ ቢንጋደድ፣ ወረቀቱን በወ/ሮ ደጊቱ ጉልበት ላይ አስደግፌ ስለምጽፍ ነው።

መሪጌታ ጥቂት እንደ ተሸከሙ ሳሉ ቃሬዛውን ይንጠው ጀመር። ወ/ሮ ላቀች፣ «የኔታ፣ እንዲህ ከናጧት ቅቤ ትወጣለች፤ ወዲህ ይበሉ» ብለው አጣናውን ተቀበሉ። ሊቀ መንበሩ ሴት ቃሬዛ ተሸክማ እንደማታውቅ አሳሰቡ። ወ/ሮ ላቀች ከዚሁ ወንዝ ስንት ዓመት እንስራ እንዳወጡ ቆጥረው ነገሯቸው። ቆጠራው እስከ ሾላው ወሰደ።

የወ/ሮ ደጊቱ ድርሻ ያለቀው አውድማው ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ላለው በየምዕራፉ ድምፅ እንዲሰጥ ሊቀ መንበሩ ጠየቁ። ሾላው ሥር ተሰጠ። ወንዙ መካከል ስንደርስ ግን ሁሉም እጁን አጣናው ላይ ስላደረገ፣ ለማንሣት የቻሉት ወ/ሮ ደጊቱ ብቻ ነበሩ። «ልቃወም አስቤ ነበር፤ ግን ውኃው ጥልቅ ነው» ብለው ደገፉ።

ከወንዙ ወዲያ ሊቀ መንበሩ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከኋላ ይከተሉ ጀመር።

አጀንዳ ፫፦ ጤና ጣቢያው በር ላይ

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ደረስን። ድሬሰሩ አንድ እግሩን እርካብ ላይ አድርጎ አገኘነው። ወ/ሮ ደጊቱን አይቶ ወረደና ቶሎ አስገቧት አለ። ሊቀ መንበሩ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ከገቡ ጉባኤው ስለሚጎድል በፊት ቃለ ጉባኤው ይነበብ አሉ። ወ/ሮ ደጊቱ እንዲህ ሲሉ የመጨረሻውን አሳብ አቀረቡ፦

«ከአውድማው ጀምሮ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። የታመመ በፊት ይጫን፤ ክርክሩ ሰውየው ሲድን ይደርሳል።»

ስድስት ደገፉ። የሊቀ መንበሩ እጅ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ወደ ላይ ስለ ወጣች ድጋፍ ተብላ ተቆጠረች፤ ሰባት ሆነ።

ወ/ሮ ደጊቱ ገብተው መርፌ ተወጉ። ድሬሰሩ ሳምንቱን ጠብቀን ቢሆን ኖሮ ለቀብር እንጂ ለመርፌ ባልመጣን ነበር አለ። ሰባተኛዋ በመግባታቸው ጉባኤው ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ላይ ተበተነ።

ቃሬዛው ባዶውን ሲወጣ አቶ አንዳርጌ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብለው ጥርሳቸው ይፋጭ ነበር። አቶ ባዩ ግንባራቸውን ነክተው፣ «ያቃጠለችኝ ፀሐይ ይቺ ነበረች» አሉ። አራት ሆነን አንሥተን ቃሬዛው ላይ አስተኛናቸውና አስገባናቸው። ጉባኤ ስላልነበረ የተቃወመ የለም።

ይታይሽ፣ ጸሐፊ