ለማርስ ትርፍ አንጀት የተጠራው አስቸኳይ ስብሰባ

ስለ መጪው ዘመንና ስለ ሩቅ ፕላኔቶች የሚጽፉ ደራስያን ማኅበር ባይኖር ኖሮ፣ የሰው ልጅ ወዳጅነት የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ ሳያውቀው ይቀር ነበር። በአባላቱ መጻሕፍት ውስጥ ጓደኛውን ጠፈር ላይ ጥሎ የሄደ አንድም ሰው አይገኝም። አንዱ ወዳጁን ለማዳን ሦስት ፀሐይ ያጠፋል፤ ሌላዋ ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ተጉዛ ትደርሳለች።

ስለዚህ፣ ድርሰቱ ሁሉ ማርስ ላይ ስለሚያልቅ «ማርስ» የተባለው አባል፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ባስወጣ ማግስት ሐኪሙ «ነገ ትወጣለህ፤ ግን ብቻህን አንለቅህም፣ የሚወስድህ ሰው ይምጣ» ሲለው ቅንጣት አልሰጋም። ለሊቀመንበሩ ደወለ።

«አንድ ሰው ብቻ?» አለ ሊቀመንበሩ ተቆጥቶ። «ማኅበሩ ነቅሎ ይመጣል እንጂ! አስቸኳይ ስብሰባ እጠራለሁ።»

በነጋታው ማርስ ለባብሶ፣ ቦርሳውን ታቅፎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ኮቴ በሰማ ቁጥር ቀና ይላል። ጎኑ የተኛው በሽተኛ በልጆቹ ተደግፎ ወጣ፤ አልጋው ተነጥፎ ሌላ ተኛበት። ማርስ እንደገና ደወለ።

«እየተወያየን ነው» አለው ሊቀመንበሩ በሹክሹክታ። «የልዑካኑ ስብጥር ላይ ትንሽ አልተግባባንም። አይዞህ፣ ስሜቱ ግን ከፍተኛ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህቱ መጣች። የጠራቻት ነርሷ ነበረች።

«እነዚያ ወዳጆችህስ?»

«ስብሰባ ላይ ናቸው፣ እትዬ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ እኔ።»

«ጉድ ነው! በል ቀስ ብለህ ተነሣ፣ ስፌቱ እንዳይላቀቅ።»

ታክሲው በማኅበሩ አዳራሽ በኩል ሲያልፍ ማርስ ደሙ ፈላ። «አንዴ ልክ ልካቸውን ነግሬያቸው ልምጣ» ብሎ ወረደ። ሲገባ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ለሕሊና ጸሎት ቆመዋል። ስለ ጊዜ ጉዞ የምትጽፈው ደራሲ ቀና ስትል አየችውና ጮኸች።

«እንዳትቀየመን» አለ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ። «ባዶ እጃችንን ከምንመጣ ብለን ስለ አንተ የጋራ ድርሰት ጻፍን። መጨረሻው ላይ ትሞታለህ።»

«ትርፍ አንጀት እኮ ነው!»

«ድርሰቱ ውስጥ የሚገድልህ ተወርዋሪ ኮከብ ነው» አለች ደራሲዋ እንባዋን እየጠረገች። «አሁን ድነህ ስትመጣ መጨረሻውን አበላሸህብን።»

ማርስ ድርሰቱ የተጻፈበትን ወረቀት ከእጇ ነጠቃት። ሊቀድደው ነበር፤ ዓይኑ ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ ወደቀ። ብቻውን የቀረው ጠፈርተኛ ቦርሳውን ታቅፎ መንኮራኩር ይጠብቃል፤ ኮቴ የሰማ እየመሰለው ቀና ይላል። ማርስ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እስከ መጨረሻው አነበበ፤ አፍንጫውን ተናፈጠ።

«እሺ፣ ልሙት» አለ። «ግን አንድ ማሻሻያ አለኝ። ‹ወዳጆቹ እየሮጡ ደረሱ› የሚለው ይውጣ።»

«ለምን?»

«አንባቢ አያምንም።»

በጉዳዩ ላይ የጦፈ ክርክር ተነሣ። ማሻሻያውን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ በሙሉ ድምፅ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ማርስ ሆነ።

እህቱ በሩን ገፋ አድርጋ ብቅ አለች። «ኧረ ና እንጂ! ታክሲው ቆሞ ይጠብቃል፣ እኔም እግሬ ዛለ።»

ማርስ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«እየተወያየን ነው፣ እትዬ።»