ጋሽ ቀላል እና አዲሱ ሞደም

ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ጠጋኝ የሌለው ቤተሰብ የለም። የተበላሸ ዕቃ ከሩቅ ይሸተዋል። ዕቃው ደህና ከሆነም ግድ የለም፤ እሱ ከመጣ በኋላ ይበላሻል። ለእኛ የደረሱን የባለቤቴ አጎት ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መኪና መንዳት ያስተምሩ ነበር፤ ተማሪው ገደል አፋፍ ላይ ቢደርስ እንኳ ከጎኑ ተቀምጠው «ቀላል ነው» ይሉት ነበር ይባላል። ስለዚህ ጋሽ ቀላል እንላቸዋለን። በሌሉበት።

ለቤታችን የዋሉት ውለታ ተነግሮ አያልቅም። የበሩን ደወል ከጠገኑልን ወዲህ፣ ሰው ደወሉን ሲጫን የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ይጠፋል፤ እንግዳ መምጣቱን የምናውቀው ውስጥ ያለው ሰው ሲጮህ ነው። ቴሌቪዥኑን ያስተካከሉልን ቀን ደግሞ በላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ማናችንም ወደማናውቀው ቋንቋ ተቀየረ፤ አብረውን የሚኖሩት እህታቸው፣ አማቴ፣ ዛሬም ድምፅ የሚቀንሱት በጸሎት ነው። የመመሪያ ወረቀት ለክቡርነታቸው ዕቃው እንዳይሰበር የተጠቀለለበት ወረቀት ነው።

በቅርቡ የኢንተርኔት ድርጅት ቀየርን። የአዲሱ ድርጅት ሠራተኛ ሞደሙን ሳሎን ውስጥ ሰክቶ፣ አረንጓዴ መብራቱን አሳይቶን ሄደ። ቤታችን ግን ረጅም ነው፤ ግድግዳውም ወፍራም፤ የሞደሙ ዋይፋይ ገና ወጥ ቤት ሳይደርስ ይደክመዋል። ስለዚህ ድሮ የምንጠቀምባቸውን፣ ኢንተርኔቱን እየተቀባበሉ ከክፍል ክፍል የሚያደርሱትን ነጫጭ ራውተሮች ከአዲሱ ሞደም ጋር ማገናኘት ነበረብን። ዋናው በኬብል ከሞደሙ ጋር ይያያዛል፤ ሌሎቹ ከእሱ ይቀበላሉ። ይህን ለባለቤቴ እያስረዳኋት ሳለ ልጃችን ከመታጠቢያ ቤት ጮኸች። ጋሽ ቀላል መጡ ማለት ነው።

የዚያን ዕለት ነገሩ የዋዛ አልነበረም። የአማቴና የጋሽ ቀላል ታላቅ እህት ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ተኝተው፣ በማግስቱ የልብ ቀዶ ጥገና ሊደረግላቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ሊያነጋግሩን ቀጠሮ ይዘናል። አማቴ እግራቸውን ስለሚያማቸው፣ የስልክ መስመር እንኳ በቅጡ በማይገባበት የኋላው ክፍል ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ታብሌቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ።

ጋሽ ቀላል አስቀድመው «ሞተሩን ልፈትሽ» አሉና የራሳቸውን ላፕቶፕ ከሞደሙ ጋር አገናኙ። ሠራ። ኬብሉን ነቅለው ራውተሩ ላይ ሰኩት። ቀይ መብራት። ነቅለው መልሰው ሰኩት። ቀይ። ኬብሉን ጫፍና ጫፉን አገላብጠው ሞከሩ፤ ራውተሩን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀሉት፤ ኋላም እንደ ልጅ ታቅፈው ሳሎኑን ዞሩ። ሞደሙን አጥፍተን ብናበራውስ ብዬ ነበር። የሚሠራ ሞተር አይጠፋም አሉኝ። እድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ሰው ናቸው።

ሰዓቱ ሲቃረብ አማቴ ከኋላ ክፍል ደረሰ ወይ ማለት አበዙ። ጋሽ ቀላል ቀላል ነው ይሏቸዋል፤ ድምፃቸው ግን በየጊዜው እየቀነሰ ሄደ። በመጨረሻ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

ከዚያ በሕይወታቸው አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ። በረንዳ ወጥተው፣ በሩን ከኋላቸው ዘግተው ለድርጅቱ ደወሉ። በመስታወቱ አሻግሬ ሳያቸው እንደ ተማሪ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሲመለሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ሞደሙ መጀመሪያ ያወቀውን ዕቃ ብቻ እንደሚያገለግል፣ ላፕቶፑን ስለለመደ ራውተሩን እንደ ባዳ እንደሚያየው፣ እስኪረሳ ድረስ ከሶኬት ነቅሎ ማሳረፍ እንደሚገባ አስረዱኝ። እሳቸው ከመጀመሪያውም ጠርጥረው ነበር።

ነቀልነው፤ አሳረፍነው። ኬብሉን ራውተሩ ላይ አድርገን ሞደሙን መልሰን ስንሰካ ቀዩ አረንጓዴ ሆነ። ሌሎቹም ተከታትለው በሩ።

ታላቅ እህታቸው ከስተው፣ ትራሱ ውስጥ ጠፍተው ታብሌቱ ላይ ታዩ። አማቴ ገና ሲያዩዋቸው ማልቀስ ስለጀመሩ ጨዋታው ሁሉ ጋሽ ቀላል ላይ ወደቀ። እሳቸውም የሞደሙን ታሪክ አወሩ፤ ራውተር አቅፈው መዞራቸውን እንኳ አላስቀሩም። በሽተኛዋ እስኪያስላቸው ሳቁ። ነርሷ ሰዓት አልቋል ስትል ግን ሳቃቸው ቆመና ወንድማቸውን ትክ ብለው አዩ።

«እኔስ ፈራሁ» አሉ።

ጋሽ ቀላል ታብሌቱን ወደ ፊታቸው አስጠጉት። «ቀላል ነው፣ እታለም።»

«አንተ ካልክ እሺ።»

መስመሩ እንደተዘጋ ጋሽ ቀላል ኬብሉን ላጥብቅ ብለው ወጡ። ተከትያቸው ስሄድ፣ ምንም ያልላላውን ኬብል ይዘው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመዋል። ድምፅ ሳላሰማ ተመለስኩ።

ቀዶ ጥገናው ሰመረ፤ እህታቸው ድነው ቤታቸው ገቡ። ኢንተርኔቱም አንድ ቀን ሳይቋረጥ ይሠራል። ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። የሚበላሽ ነገር ጠፋ፤ ጋሽ ቀላልም ቀሩ። ባለቤቴ ተገላገልን አለች፤ ቤቱ ጭር አለ እስክትል ድረስ ግን ብዙም አልቆየች።

ትናንት ደወልኩላቸውና የኋላው ክፍል ራውተር ትንሽ ደከም ብሏል አልኳቸው። ምንም አልሆነም።

«እንዳትነካካው» አሉኝ። «ጫማዬን እያደረግኩ ነው።»

ስልኩን ስዘጋ ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ ስትሰማ ነበር። ወደ ኋላው ክፍል ሄደችና ራውተሩን ከሶኬቱ ነቀለችው።