ጫካ አድሮ የማያውቀው የጫካ ሰው

በየሰፈሩ ለመሄድ የሚሰናዳ አንድ ሰው አይጠፋም። ጫማው ተወልውሏል፣ ሻንጣው ታስሯል፣ መንገዱን ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል፤ የቀረው መሄዱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ያገባች ሴት የምትኖረው ከባሏ ጋር ሳይሆን ከመሰናዶው ጋር ነው።

አንዲት ልብስ ሰፊ ያገባችው ደግሞ የሁሉም አውራ ነው። ባሏ ሊፍት ጠጋኝ ሲሆን የሥራ ባልደረቦቹ «ክቡር ጫካው» ይሉታል። ቀኑን በረጃጅም ፎቆች ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ በሽቦና በግራሶ መሐል ተንጠልጥሎ ይውላል። ቤቱ ገብቶ ሶፋው ላይ አረፍ ሲል ግን ዓይኑ ጣሪያውን አልፎ ይሄዳል፤ ዛፎቹ ይመጡለታል፣ ጭጋጉ ይወርድለታል፣ ከማድ ቤቱ ቧንቧ ጀርባ ወንዝ ይንፎለፎልለታል። ጫካ አድሮ አያውቅም። እሷም እንደዚያው፤ ከአፉ ሰምታ ሰምታ ግን ጭጋጉ የሚገለጥበትን ሰዓት ሳይቀር ለይታ ታውቃለች።

ዳቦ ስትቆርስ «ይቺ ቢላ ጫካ ውስጥ ምን ታደርግልሻለች?» ይላታል። ስለ መጋረጃ ቀለም ስታማክረው «ጫካ ውስጥ ብትሆኚስ?» ይላል።

«ጫካ ውስጥማ መጋረጃ አልሰቅልም» ትለዋለች።

መቼም ጫካ ያለ ቢላ አይገባም፤ ቢላም ሳይመረመር አይገዛም። ስለዚህ ክቡርነታቸው ምርምር ጀመሩ። ከሥራ ሲመለሱ ወደ ዕቃ መደብሩ ጎራ እያሉ ስለቶቹን ወደ ብርሃን አንሥተው ያያሉ፣ በጥፍራቸው ይሞክራሉ። ባለሱቁ ይጠይቃል፤ የሚታጠፍ ይሁን? «የሚታጠፍ ቢላ መሐል ላይ ሐሳቡን ይቀይራል።» የማይዝግስ? «እሱ ለሰነፍ ነው። የካርቦን ብረት ግን ዘይት እየቀባህ ስታባብለው ይለምድሃል።» ረዘም ቢልስ? «ከመዳፍ ስፋት ካለፈ ለጉራ ነው።» ባለሱቁ በጣም ስለለመዳቸው አንድ ቀን ሱቁን አደራ ብሏቸው ሻይ ሊጠጣ ወጣ። ሲመለስ የገቡት ደንበኞች በሙሉ የክቡርነታቸውን ምክር ሰምተው፣ ምንም ሳይገዙ፣ እያመሰገኑ ሄደዋል።

በመጨረሻ ቢላው ተገዛ። ቤት ገብቶ የተጠቀለለበት ጨርቅ ሲፈታ ልብስ ሰፊዋ ያየችው ብረቱን ብቻ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ሆኖ፣ ከበስተኋላው ለችንካር ተበስቷል።

«እጀታውስ?»

«እጀታውን ሰው ራሱ ነው የሚሠራው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በማላውቀው ሰው እጅ ልክ የተሠራ ጨብጬ ልኖር ነው?»

ከጎረቤቱ አናጢ የደረቀ ወይራ ለምኖ አመጣ። ለሁለት ሰነጠቀው፣ ከብረቱ ግራና ቀኝ በማጣበቂያና በናስ ችንካር አጋጠመው፣ በረንዳው ላይ እንጨቱን ጠርቆ የሚይዝ ሞርሳ ተከለ። ከዚያ ወዲያ ሥራው መሞረድ ሆነ። ቅዳሜ በሞረድ፣ እሑድ በብርጭቆ ወረቀት። የእንጨቱ ብናኝ በፀሐዩ ውስጥ ተነሥቶ ይንሳፈፍና ቅንድቡ ላይ ያርፋል፤ እሱ ግን ከንፈሩ ላይ ትንሽ ፈገግታ ይዞ ሩቅ ቦታ ነው። ስትጠራው አይሰማም።

አንድ እሑድ እኅቷ ቤት ብቻዋን ሄደች። ባሏ የት እንዳለ ሲጠይቋት «እሱማ ጫካ ነው» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ አብራቸው ሳቀች። ስትመለስ ግን ሳቁ መንገዱን ሙሉ ሲቆረቁራት መጣ። ቤት እንደደረሰች በረንዳው በር ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚያ ጫካህ ውስጥ እኔ አለሁ?»

ሞረዱ ቆመ። ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ እጀታው መለሰ። እሷም መልሱን እንዳገኘች ቆጥራ ወደ ውስጥ ገባች።

በማግሥቱ ስፌት ላይ ሳለች ቢላውን በሁለት እጁ ይዞ መጣ። እጀታው የተልባ ዘይት ጠጥቶ ያብለጨልጫል።

«ተበላሸ» አላት። «ከልክ በላይ ሞረድኩት። ለእጄ ቀጠነ።»

«እስቲ» ብላ ተቀበለችው። መዳፏ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። አውራ ጣቷ ማረፊያውን አገኘ፣ በመቀስ የደነደነው ቆዳዋም ጎድጎድ ካለችው ቦታ ገጠመ። ገልበጥ አድርጋ ያዘችው፤ አሁንም ልኳ ነው።

«ምን እያሰብክ ነው እንዲህ የሞረድከው?»

«ስሞርድ የሚታየኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው» አለ ወለሉን እያየ። «እሳት ዳር ተቀምጠሽ እንጨት ትልጫለሽ፣ ታወሪኛለሽ። ቢላው እኔ እጅ ላይ ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም። ትናንት ስትጠይቂኝ ነው ልብ ያልኩት።»

ቢላውን ጭኗ ላይ አኖረች። ከዚያ በመርፌው ላይ የቀረውን ክር በጠሰች።

«ቅዳሜ እንሄዳለን።»

«ገና እኮ የምንጣፉን ዓይነት አልመረጥንም። ጤዛ ሊኖር ስለሚችል…»

«ቅዳሜ።»

ሄዱ። ጫካው ከአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ብዙም አይርቅም ነበር። ጭጋጉ እሱ ባለው ሰዓት አልተገለጠም፤ ወንዙም ቀጭን ጅረት ሆኖ ተገኘ። ክቡር ጫካው ድንጋይ ላይ ከጎኗ ተቀምጦ የማገዶ አመራረጥ ያስረዳት ገባ፤ እሷ ትልጣለች፣ ልጣጩ እየተጠቀለለ ጉልበቷ ላይ ይወርዳል። ማስረዳቱ እየላላ፣ እየላላ መጣና እንቅልፍ ወስዶት ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ አረፈ። እሳቱ ገና አልተያያዘም። እንዳይነቃባት ክርኗን ሰብሰብ አድርጋ መላጧን ቀጠለች፤ ዝግ ባለ ድምፅም ታወራው ጀመር።