አራት ፀሐይ የወጣበት ሳምንት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ። በረቱን ተዉትና «የአጥር በር» በሉኝ። የዛሬው ተረት በር አለው፤ በሩም ላይ ጃርት ተቀምጧል።

ድሮ፣ አውሬ ከአውሬ ጋር በስብሰባ ይግባባ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ጫካ መካከል በቀጋና በአጋም እሾህ የታጠረ መንደር ነበር። አጥሩን ዝሆን ቢገፋው አይወድቅም፣ ነብር ቢዘለው አያልፈውም ይባል ነበር። እርግጥ ዝሆንም አልገፋው፣ ነብርም አልዘለለው፤ ወሬው ግን አጥሩን በጣም አጠንክሮት ነበር።

በሩ አንድ ነው። ለመግባት የይለፍ ቃል መናገር ግድ ነበር፤ ቃሉም «እሾህን በእሾህ» የሚል ነው። ይህን ቃል ከነዋሪው በቀር ማንም እንዳይሰማው ጥብቅ ትእዛዝ ወጥቷል። ነዋሪውም እንዳይረሳው አውራ ዶሮ በየማለዳው አጥሩ ላይ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ይጮኸዋል። ቃሉ ከአጥር ውጭ እንዴት እንደወጣ ምክር ቤቱ እስከ ዛሬ እያጣራ ነው።

ሊቀመንበሩ ዝንጀሮ ግን ብልህ ነበርና «ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጨመር» አለ። ስለዚህ የእያንዳንዱ ነዋሪ እግር በእርጥብ ሸክላ ላይ ታተመ፤ ሸክላው በእሳት ደረቀ፤ ጀርባው ላይ ስም ተጻፈበትና በሩ አጠገብ ተደረደረ። ከዚያ ወዲያ ገቢው መጀመሪያ ስሙን በአሸዋ ገበታ ላይ ይጽፋል፣ ቀጥሎ ቃሉን ይናገራል፣ በመጨረሻ እግሩን በገዛ ሸክላው ላይ ያሳርፋል። ከገጠመ ይገባል፤ ካልገጠመ ወደ መጣበት ይመለሳል። ፊት አይቶ ማዳላት እንዳይኖር ደግሞ በሩ በሰሌን ተጋረደ። በረኛው ማን እንደመጣ እንዳያይ ሆነ ማለት ነው፤ ይህም ለጥበቃው እንደ ትልቅ እርምጃ ተቆጠረ።

አንድ ችግር ብቻ ተነሣ። የአንበሳ አማች ፊታውራሪ ከርከሮ እግሩን አላሳትምም አለ።

«እኔ? እግሬን ጭቃ ውስጥ ላስገባ?» አለ፣ እስከ ወገቡ ጭቃ እንደለበሰ።

ምክር ቤቱ በጉዳዩ ክብደት ደነገጠና ከሕጉ ግርጌ አንዲት ትንሽ መስመር ጨመረ፦ «ስሙ ከሸክላዎቹ መካከል ያልተገኘ ነባር ነዋሪ፣ ቁራ ካወቀችው፣ በቃሉ ብቻ ይግባ።» ቁራ ማንበብ አትችልም፤ የነባሮቹን ስም ግን አንድ ሳታስቀር በቃሏ ይዛለች። እሷም ፊት አይታ እንዳታዳላ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ዋርካው ላይ ትቀመጣለች።

በረኛው ባሻ ሠናይ ጃርት ይባላል። በልጅነቱ ከአንድ ደብር አጥር ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ ይኖር ስለነበር፣ ተማሪዎች ፊደል ሲቆጥሩ እያየና እየሰማ አድጓል። በዚያ ጫካ ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ የሚለይ እሱ ብቻ ነበር፤ ይህንንም ሳይነግር ያሳለፈው መንገደኛ የለም። ስሙን አሳስቶ የጻፈ ሲመጣ ሆዱ ይታመማል። ስህተቱንም ከነቀኑ በዛፍ ቅርፊት ላይ ይመዘግበዋል፤ አንድ ቀን ለምክር ቤቱ አንብቦ ስለ ፊደል ውድቀት ሊያለቅስ።

አንድ ሰኞ ከወይዘሮ ዥግራ ጎጆ ሦስት እንቁላል ጠፋ። ምክር ቤቱ ማክሰኞ ተሰብስቦ አጥሩን በአንድ ክንድ ከፍ አደረገው። ረቡዕ አራት እንቁላል ጠፋ። ምክር ቤቱ ቃሉን ለወጠውና «በእሾህ እሾህን» አለው፤ አውራ ዶሮም ነዋሪው አዲሱን ቃል እንዲለምድ ስድስት ጊዜ ጮኸው። ሐሙስ ረፋድ ላይ የቀረው እንቁላል ጠፋ።

«አጥሩ ከፍ ብሏል» አለ ዝንጀሮ። «ቃሉ ተለውጧል። ሸክላ የሚያታልል እግር የለም። እንግዲህ የቀረው በረኛው ነው። ባሻ፣ ሌባው በየት እንደገባ እስከ ቅዳሜ ይንገሩን። ካልሆነ ከአጥር ውጭ ያድራሉ።»

ከአጥር ውጭ ነብር አለ። ባሻ ሠናይ በወጣትነቱ ነብር አይፈራም ነበር፤ አሁን ግን እሾሁ በእርጅና እየረገፈ፣ ሲያስነጥስ እንኳ ሁለት ሦስቱ ይወድቅበታል።

ቢሆንም ሥራውን ጀመረ። አጥሩን ዙሪያውን እያሸተተ ዞረ፤ ጥንቸል የምታስገባ ቀዳዳ አጣ። ወደ በሩ ተመልሶ የራሱን ሸክላ አወጣና የቀኝ እግሩን አሳረፈ፤ ገጠመ። ግራውን አሳረፈ፤ እምቢ አለ። ቃሉን አሳስቶ ለራሱ ተናገረና ራሱን ከለከለ። ሁሉም ነገር ደህና ነው። ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ እንቁላል ይጠፋል።

ወይዘሮ ዥግራ ባዶ ጎጆዋን ትታ መጥታ ታየው ነበር።

«ራስዎን ይዘው ጨረሱ ወይስ ገና ነው?» አለችው።

«ፍተሻ ላይ ነኝ፣ ወይዘሮ።»

«ይፈትሹ፣ ይፈትሹ። ሰኞ ስጮህ እርስዎ ምን ያደርጉ እንደነበር ያስታውሳሉ? ‹ፀሐይን እንዲህ አድርጎ መጻፍ ምን የሚሉት ጥጋብ ነው› እያሉ ብቻዎን ይቆጡ ነበር። ልጆቼ ሲበሉ በረኛዬ ፊደል ያርማል።»

ባሻ ወደ ጉድጓዱ ገብቶ የስህተት ቅርፊቱን አወጣ።

ሰኞ፦ «ጸሐይ። በጸሎቱ ጸ። ነውር ነው።»

ረቡዕ፦ «ፀሀይ። በሀሌታው ሀ። አይ ዘመን።»

ሐሙስ፦ «ጸሀይ። ሁለቱም ፊደል ስቷል። ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።»

በመንደሩ ፀሐይ የሚባል ስም ያላት አንዲት አሮጊት በግ ብቻ ናት። ባሻ እየተንገዳገደ ቤቷ ሄደ። እማማ ፀሐይ እግሯን በቅጠል አስራ ተኝታለች።

«እማማ፣ ስምዎን እንዴት ነው የሚጽፉት?»

«አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ? በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ። አንድ ቀን ብሳሳት ግማሽ ቀን በር ላይ አቁመህ ስትመክረኝ ዋልክ። ዝናብም ነበር፤ በመጨረሻ ያስገባችኝ ቁራ ናት።»

«ሰኞ ወጥተው ነበር?»

«በምን እግሬ? ከታመምኩ አሥራ አምስት ቀኔ ነው፤ ንቅንቅ አላልኩም። ጠያቂም አልመጣ። ያ ከአጥር ውጭ የሚዞረው ሸለምጥማጥ ብቻ አንድ ቀን በአጥሩ ስንጥቅ አፍንጫውን አሾልኮ ‹ስምዎ እንዴት ያምራል፣ በምን ፊደል ይሆን?› ሲለኝ፣ የደረሰብኝን ሁሉ አጫወትኩት።»

ባሻ ሠናይ ቁጭ አለ። ነገሩ አንድ በአንድ ታየው። «ጸሐይ» ተብሎ ተጽፎ ይመጣል። እሱ በጸሎቱ ጸ የተጻፈ ሸክላ ይፈልጋል፤ የእማማ ሸክላ በፀሐዩ ፀ ነውና አያገኝም። ሸክላ ያልተገኘለት ወደ ቁራ ይተላለፋል። እሱ ራሱ ጮክ ብሎ «ፀሐይ የምትባል አለች?» ይላል፤ ቁራ በጆሮዋ ትሰማለች፤ ለጆሮ ደግሞ ፀሐይ ሁሉ አንዲት ፀሐይ ናት። «ነባር ናት፤ ትግባ» ትላለች። ሸክላው በፊደል ይፈልጋል፣ ቁራ በድምፅ ታሳልፋለች፤ በፊደልና በድምፅ መካከል ሌባ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። ስሙን በትክክል የጻፈ እግሩን ይጠየቃል፤ ያሳሳተ ዝም ብሎ ይገባል።

«እማማ፣ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ።

«መቼም አውቀህ አይደለም።»

«አውቄ ነው እንጂ። ባላውቅ ኖሮ መች ይገባ ነበር?»

በጓ ይህን ጥቂት አመነዠከችውና «እውነትህን ነው» አለች። «አንድ መሀይም በረኛ ቢሆን ‹ፀሐይ ያው ፀሐይ ናት› ብሎ ሸክላዬን ያወጣ ነበር።»

ባሻ ከነብር ጥፍር ይልቅ ይህ ቃል አመመው።

ዓርብ ረፋድ ላይ የአሸዋው ገበታ በሰሌኑ ሥር ገባ። ባሻ ጎንበስ ብሎ አየ። «ፀኀይ» ይላል። በብዙኃኑ ኀ የተጻፈች ፀሐይ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። ሆዱን ያዘው፤ ግን ቻለው።

«በእሾህ እሾህን» አለ ከውጭ አንድ የሚንቀጠቀጥ የበግ ድምፅ።

ባሻ ቁራን አልጠራም። የእማማን ሸክላ አንሥቶ በሰሌኑ ሥር ገፋው። «እግርዎን ያሳርፉ፣ እማማ።»

«እኔ ሸክላ የለኝም እኮ፣ ልጄ።»

«አለዎት። ያጣሁት እኔ ነበርኩ።»

ከብዙ ማመንታት በኋላ አንድ አምስት ጣት ያለው ለስላሳ እግር ቀስ ብሎ በበግ ኮቴ ምልክት ላይ ዐረፈ፤ ከሩቅ ሲያዩት ባዶ ሳህን ላይ የተቀመጠ ድመት ይመስል ነበር። ባሻ ከቀሩት ደህና እሾሆች አንዱን ነቅሎ እግሩን ከመሬት ጋር ሰፋው። ሸለምጥማጥ ጮኸ፤ በራሱ ድምፅ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ባሻ ሠናይ ጡረታውን በሰላም በበላ። ግን ከሸለምጥማጥ ቀጥሎ የተሰለፈ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ አንድ ወፍራም ድምፅ።

«ማን ልበል?»

«ከርከሮ ነኛ!»

«ሸክላ የለዎትም፣ ፊታውራሪ። ከዛሬ ጀምሮ ሸክላ የሌለው አይገባም። ጭቃው ዝግጁ ነው፤ አንዴ ረገጥ ያድርጉልኝ።»

ፊታውራሪው አልረገጠም። እስከ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ጭቃው ገላው ላይ ደርቆ እየተሰነጠቀ፣ በመጨረሻ ወደ አማቹ ዘንድ መልእክት ላከ።

ቅዳሜ ምክር ቤቱ ተቀመጠ። የእንቁላሉ ጉዳይ ዝንጀሮ ጅራቱን አስተካክሎ ሳይቀመጥ አለቀ። የከርከሮ ጉዳይ ግን ቀኑን ሙሉ ፈጀ።

«እንግዲህ ጥፋቱ የፊደል ነው» አለ ዝንጀሮ፣ ባሻ ሁሉን ካስረዳ በኋላ።

«የለም፣ ጌታዬ። ፊደሉን እኔ ከዛሬ ጀምሮ እያየሁ እንዳላየ አልፈዋለሁ፤ እሱ የእኔ ዕዳ ነው። ጥፋቱ ከታች ያለችው መስመር ናት። ‹ስሙ ያልተገኘ ይግባ› የምትለውን ‹ስሙ ያልተገኘ አይግባ› በሏት፤ በሩ ተዘጋ።»

ከርከሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ምክር ቤቱ የተጠረገ ጉሮሮ ድምፅ ያውቃልና መስመሯን አልነካም። ይልቁንም የትኛው ፀ ትክክል እንደሆነ የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመ። ፀሐይን በአራት ዓይነት ስህተት መጻፍ የቻለ ሌላ ሊቅ በመንደሩ ስላልተገኘም፣ ሸለምጥማጥ በቅጣት መልክ የኮሚቴው ጸሐፊ እንዲሆን ተወሰነ። ባሻ ሠናይ ደግሞ ትልቅ ሰው ፀሐይ ላይ በማቆሙ ሸክላው ይሰበር፣ ቁራም ስሙን ትርሳ፣ ራሱም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይውጣ ተባለ።

አዲሱ ጸሐፊ ውሳኔውን ሲጽፍ ባሻ በትከሻው ላይ አጮልቆ አየ። «ሰናይ» ይላል።

«በንጉሡ ሠ ነው» አለ፤ ዝም ማለት አልቻለም። ጸሐፊው አርሞ ጻፈው። ውሳኔውም ለቁራ ተነበበላት፦ «ሠናይ በንጉሡ ሠ፣ በባለ ሦስት እግሩ፣ ይረሳ።» ቁራ ታዛዥ ናትና እንደተባለችው ረሳች።

ባሻ ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ፤ አህያም በረኛ ሆና ተሾመች። ፀሐይ፣ እውነተኛዋ፣ ወደ ኮረብታው ዘቅዘቅ ስትል ከቁጥቋጦው ውስጥ ነብር አንዴ አሳለ። ጥቂት ቆይቶ ቀረብ ብሎ አሳለ።

ባሻ ሠናይ ወደ በሩ ተመልሶ የአሸዋውን ገበታ ወደ ራሱ ሳበ። ከጀርባው አንድ እሾህ ነቀለ። በዕድሜው ሙሉ ያላደረገውን ሊያደርግ ነውና ዓይኑን ጨፈነና ስሙን ጽፎ ገበታውን በሰሌኑ ሥር ገፋው። «በእሾህ እሾህን» አለ።

አህያ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። «የለም» አለችና ወደ ዋርካው ጮኸች። «ሰናይ የሚባል አለ?»

«በየትኛው ሰ?» አለች ቁራ። ከውሳኔው ወዲህ ሊቅ ሆናለች።

አህያ ወደ ገበታው አጎነበሰች። «እኔ ምን አውቄ! ሁለት እግር ያለው ነው።»

«እርሺ የተባልኩት ባለ ሦስት እግሩን ነው። ይሄኛው ነባር ነው፤ ይግባ።»

ባሻ ገባ። እማማ ፀሐይ ደጃፏ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ነበርና ስታየው ደነገጠች።

«አንተ ባሻ! ተባረረ አላሉም እንዴ? በየት በኩል ገባህ?»

ጃርቱ አንገቱን እንደደፋ አጠገቧ ደረሰ።

«በበሩ ነው፣ እማማ» አለ። «እንደ ሰው ሁሉ፣ ተሳስቼ።»