ከውስጥ የወጣው ቁልፍ

[ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ ሥር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ጎበና ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ለአራተኛ ጊዜ ሊቀመጥ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ጓደኛው ከማለዲን፣ ሲግናል ሰፈር ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራው፣ አጠገቡ ተቀምጦ እርሳስ ይቀርጻል።]

ጎበና፦ ተው! ተው ብዬሃለሁ! እርሳሱን አታሹልብኝ!

ከማለዲን፦ ዶልዱሟል እኮ።

ጎበና፦ ይዶልድም! የሾለ እርሳስ አንዷን ክብ ለመሙላት አምስት ጊዜ ይመላለሳል። የዶለዶመ አንዴ ጫን ካልከው አለቀ። መቶ ጥያቄ በአምስት ሲባዛ ስንት ነው?

ከማለዲን፦ አምስት መቶ።

ጎበና፦ አየህ! አምስት መቶ ጊዜ ከመመላለስ ዳንኩ። አንተ ይሄ አይገባህም፤ ፈተና የሚታለፈው በዘዴ ነው።

ከማለዲን፦ እሺ። እኔ እንኳ የመጣሁት አንድ ነገር ላሳይህ ነበር። [እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል]

ጎበና፦ በኋላ! እናቴ ዕድር ላይ «ልጄ ጠበቃ ሊሆን ነው» ብላ አውርታ፣ ሰፈሩ በሙሉ ክሱን ታቅፎ እኔን ይጠብቃል። እትዬ ደብሪቱ የአጥር ክሳቸውን ሳይከፍቱ ይኸው ሦስት ዓመታቸው! ባዩኝ ቁጥር «ደረስክልኝ ወይ ልጄ?» ይሉኛል። ከማል ሙት፣ ዘንድሮ ከወደቅኩ እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ?

ከማለዲን፦ አይዞህ። እሺ እናጥና።

ጎበና፦ [ከሸሚዙ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ያወጣል] ይሄን እስከ ዛሬ ለሰው አሳይቼ አላውቅም። የመለማመጃ ፈተና ከነመልስ ቁልፉ። ቁልፉ ከውስጥ የወጣ ነው። ፈተና አውጪዎቹ ራሳቸው በእጃቸው የጻፉት! እንዲህ የማይነበብ እጅ ጽሑፍ ያለው ፕሮፌሰር ብቻ ነው።

ከማለዲን፦ [ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ] ኧረ የሚነበብ ነው።

ጎበና፦ ያዝ በቃ። ቁጥር ጥራልኝ፣ መልሱን በቃሌ ልውጣው።

ከማለዲን፦ ጥያቄውን ላንብብልህ?

ጎበና፦ ቁጥሩን ብቻ አልኩህ!

ከማለዲን፦ አሥራ ሁለት።

ጎበና፦ ሀ!

ከማለዲን፦ [ያነባል] «ዳኞች ሁሉ ካባ ይለብሳሉ። ኦልያድ ካባ ለብሷል። ስለዚህ ኦልያድ፦ ሀ፣ ዳኛ ነው። ለ፣ ዳኛ አይደለም። ሐ፣ ዳኛ መሆን አለመሆኑ አይታወቅም...» ጎቤ፣ ኦልያድ ሙሽራ ቢሆንስ?

ጎበና፦ የምን ሙሽራ?

ከማለዲን፦ ሙሽራም ካባ ይለብሳል። ባለፈው እሑድ ሊሊሳ ሲያገባ እሱም ለብሶ፣ ሚዜዎቹም ለብሰው ነበር። ዳኛ ሁሉ ካባ ለበሰ ማለት ካባ የለበሰ ሁሉ ዳኛ ነው ማለት ነው እንዴ?

ጎበና፦ ሕግ ሰርግ አያውቅም! ቁልፉ ሀ ካለ ሀ ነው። ያንተ ችግር ምን መሰለህ? ታስባለህ። ሲያስቡ ሰዓት ያልቃል። ቀጥል!

ከማለዲን፦ አርባ አንድ።

ጎበና፦ ሠ!

ከማለዲን፦ ሠ የሚባል ምርጫ የለም። መ ላይ ያበቃል።

ጎበና፦ [በሐዘኔታ ፈገግ ይላል] ለአንተ አይታይህም። ሠ ለሕግ ሰው ብቻ የተተወ ምርጫ ነው። ደፋሩን ከፈሪው የሚለዩት በሱ ነው።

ከማለዲን፦ መልስ መስጫው ላይስ የሠ ክብ አለው?

ጎበና፦ የለውም። እኔ ራሴ እየሣልኩ እሞላዋለሁ።

ከማለዲን፦ ሦስቱንም ዓመት?

ጎበና፦ ሦስቱንም ዓመት! ደግሞ ልብ በል፤ ለ በጣም ይበዛል። ለምን? ሕግ ጫፍና ጫፍ አይወድም። ከስድሳ እስከ ሰባ ደግሞ መ፣ መ፣ መ፣ አንድም ሳይዛነፍ! ይህንን ምስጢር ለማወቅ ብቻ ስድስት ወር ፈጅቶብኛል። አውጪዎቹ የተፈታኙን ልብ ሊሰብሩ ነው።

ከማለዲን፦ [ወረቀቱን ገልብጦ ያያል፤ ፊቱ ይለዋወጣል] ጎቤ... እዚህ ጥግ ላይ ያለችው የወጥ ጠብታ...

ጎበና፦ ማኅተም ነው።

ከማለዲን፦ ምስር ነው። ምሳዬ ነበር።

ጎበና፦ ምን አልክ?

ከማለዲን፦ ወላሂ አሁን ገና ነው ያየሁት። ይሄ እኛ ቤት ሲባዛ የመጨረሻውን ገጽ ማሽኑ በላው። አለቃዬ «መልስ የሌለው ወረቀት ማን ይገዛል? በእጅህ ሙላው» አለኝ። በር ላይ ቁጭ ብዬ ምሳዬን እየበላሁ የሚያልፈውን ታክሲ እያየሁ ሞላሁት። የአራት ኪሎ ካለፈ ሀ፣ የኮተቤ ካለፈ ለ፣ የመገናኛ ካለፈ ሐ።

ጎበና፦ ለ የበዛው...

ከማለዲን፦ የኮተቤ ታክሲ ይበዛላ።

ጎበና፦ ከስድሳ እስከ ሰባስ?

ከማለዲን፦ ቀኑ አሥራ ስድስት ነበር፣ ኪዳነ ምሕረት። እዚያ ቁጥር ላይ ስደርስ ተከታትሎ ያለፈው ታክሲ ሁሉ ወደዚህ ወደ እንጦጦ የሚጭን ነበር። ለሱ መ ሰጠሁት።

ጎበና፦ [ድምፁ እየሰለለ] ሠስ? ሠዬስ?

ከማለዲን፦ አንድ ሲኖትራክ አለፈ። ለሱ ፊደል አልቀረኝም።

[ጎበና ሣሩ ላይ በጀርባው ይዘረራል።]

ጎበና፦ ሦስት ዓመት ሙሉ የታክሲ ተራ ስሸመድድ ኖርኩ!

ከማለዲን፦ ይቅር በለኝ ጎቤ። ሰው አምኖ ያጠናዋል ብዬ አላሰብኩም። ልቤ ነው የተሰበረው፣ እውነቴን ነው።

ጎበና፦ እከስሃለሁ! አንተንም፣ አለቃህንም፣ ሲኖውንም! [ይነሣል፤ ቆሞ ያስባል፤ መልሶ ይቀመጣል] ለመክሰስም ጠበቃ ያስፈልጋል። ለመሆኑ ከጠዋት ጀምሮ ላሳይህ የምትለው ምንድን ነው?

ከማለዲን፦ [የታጠፈ ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ይሰጠዋል] የሕግ ትምህርት ቤቱ የማታ ክፍል ፈተና ባለፈው ወር ነበር። ዝም ብዬ ተፈተንኩ።

ጎበና፦ [ያነባል] «አቶ ከማለዲን... የመግቢያ ፈተናውን ማለፍዎን...» አንተ? በየትኛው ቁልፍ አጥንተህ?

ከማለዲን፦ ቁልፍ እንዴት እንደሚሠራ እያወቅኩ እንዴት ልመነው? ቸግሮኝ ጥያቄውን አነበብኩ።

[ጎበና የዶለዶመውን እርሳስ ያነሣና ለከማለዲን ያቀብለዋል።]

ጎበና፦ ቅረጽልኝ።

ከማለዲን፦ [እየቀረጸ] ሁለት ቀን ሙሉ አለን፤ አብሬህ ነኝ። ከየት እንጀምር?

ጎበና፦ ከመጀመሪያው ገጽ፣ ከመጀመሪያው መስመር። አንዲትም ቃል እንዳትዘል።

ከማለዲን፦ [ያነባል] «መመሪያ። መልስ ከመስጠትዎ በፊት እያንዳንዱን ጥያቄ በጥሞና ያንብቡ።»

ጎበና፦ [ወረቀቱን ነጥቆ አፍጥጦ ያየዋል] ይቺን ደግሞ መቼ ጨመሯት?